ቀብድ የበላ ሰው

ዕፀገነት እልልታዋን ስታቀልጠው መኳንንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር። ዳላስ አጠገብ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ በዚህ ሁለት መኝታ ቤት አፓርትማ፣ ጎሕ ሳይቀድ እልል የሚያሰኝ ነገር አይበዛም። የጎን ጎረቤታቸው ግድግዳውን በቡጢ ደበደበ። እሷ ምን ገዷት፣ ደገመችው። ከኤርፖርቱ የዕቃ መጋዘን የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። አንጸባራቂ ሰደርያዋን እንደለበሰች ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። «መቶ ገባ! መኬ፣ መቶው መቶ ገባ!» መኳንንት አፉ ውስጥ የሞላውን አረፋ መትፋት ረስቶ መስታወቱ ላይ ፈጠጠ።

«መቶው መቶ ሲገባ» የዚህ ቤት ቋንቋ ነው። ምንጣፍ ይቀየር ሲባል፣ ልጃቸው ዜማ ካራቴ ልመዝገብ ስትል፣ ዕፀገነት ወገቧን ይዛ ከአልጋ ስትነሳ፣ መልሱ አንድ ነው፤ መቶው መቶ ሲገባ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዕፀገነት ስድስት ዓመት የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ ስትገጣጥም የኖረችበት ፋብሪካ፣ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው እያስቆረጡ አክሲዮኑን በቅናሽ እንዲገዙ ይፈቅድ ነበር። እሷም ጓደኞቿ በበዓል በበዓሉ ልብስ ሲገዙ ከንፈሯን ነክሳ መቶ አክሲዮን ሰበሰበች። ፋብሪካው ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ሥራው ቀረ፤ አክሲዮኖቹ ግን የሷ ናቸው። አንዱ መቶ ዶላር የገባ ዕለት ተሸጠው፣ ዐሥሩ ሺህ ዶላር ለነርስነት ትምህርት ቤት ይከፈላል፤ የሌሊት ሥራ ይቆማል፤ እሷም እንደ ሰው በሌሊት ትተኛለች። ዋጋው ግን ስድሳ አካባቢ እየተንፏቀቀ ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። ትናንት ማታ ሌላ ትልቅ ካምፓኒ ፋብሪካውን ሊጠቀልለው ነው የሚል ዜና ወጣ። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ፀደንያ ቴክስት ያደረገችላት ይህንኑ ነው። ስድሳ ስድስት ያደረው አክሲዮን መቶ አራት ሆኖ ነጋ።

ዜማ ፀጉሯ ተንጨባሮ ከክፍሏ ወጣች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ እዚሁ የበቀለ ነው። «ሶ፣ አባዬ፣ እኛ ሪች ነን?» አለችው። እናቷ ቀድማ መለሰች። «ሪችስ አይደለንም። እናትሽ ግን ከእንግዲህ ማታ ማታ እዚህ ቤት ትገኛለች።» ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረና ልጅቷን እቅፏ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ገበያው እንደተከፈተ ሴል አድርገው። ትምህርት ቤቱ ቦታዬን የሚይዝልኝ እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ነው። ዛሬ ከፈረምኩ ክፍያውን እስከሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቁኛል። አራት ሰዓት ላይ ናና አብረን እንሂድ። ስፈርም እንድታየኝ እፈልጋለሁ።» መኳንንት ፎጣውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ «ኦኬ» አለ። ፎጣውን ለማንሳት ትንሽ ቆየ።

እነዚያ መቶ አክሲዮኖች ለሌላ ሰው ሊሸጡ ቀብድ ተበልቶባቸዋል። ይህን በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ከጥዑመልሳን ጋር ነው። ጥዑመልሳን በአንድ ሆቴል ሹፌርነት አብሮት የሚሠራ፣ ስሙን ያወጣለት ቄስ ያልተሳሳተ ሰው ነው። ማኪኒ በሚባል ከተማ ቤት ስለገዛ፣ ስለ ገንዘብ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማዋል። ባለፈው ዓመት ሆቴሉ የመኳንንትን ሰዓት ቀነሰበት። ሚስት በሌሊት ሥራ እየማቀቀች፣ «ሰዓቴ ተቆረጠ» ብሎ እቤት መግባት ለመኳንንት ሞት ነበር፤ ስለዚህ አልተናገረም። ለጥዑመልሳን ግን ነገረው። «አክሲዮኑ ተኝቶ ከሚውል ለምን አይሠራልህም?» አለው ጥዑመልሳን። «ከቨርድ ኮል ሽጥ። ማለቴ፣ አንድ ሰው ‹እስከዚህ ቀን ዋጋው ይህን ያህል ከደረሰ በዚህ ዋጋ ትሸጥልኛለህ› ይልና ዛሬውኑ ገንዘብ ይሰጥሃል። ካልደረሰ ገንዘቡንም በላህ፣ አክሲዮኑም እጅህ ላይ ቀረ። ፍሪ መኒ ነው!» መኳንንት ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ቀብድ ነው በለኛ!» ጥዑመልሳንም «ቀብድ በለው» አለ። ያን ጊዜ «አይደለም» ቢለው ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ።

ቀብድ መኳንንት የሚያውቀው ነገር ነው። አጎቱ መርካቶ ውስጥ ሱቁን ሊሸጥ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ የአካባቢው ዋጋ ጣራ ነካ። አጎቱ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ የቀብዱን እጥፍ ቆጥሮ ሰጠና ሱቁን አስቀረ። ገዢው ተሳደበ፣ ተራገመ፣ ሄደ፤ በዚያው አለቀ። አገር የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ቀብድ የበላ ሻጭ ሐሳቡን ቢለውጥ እጥፍ መልሶ ይገላገላል። እንግዲህ ምን የሚያስፈራ ነገር አለ? አካውንቱ የሁለቱም ነው፤ ስልክ ላይ የሚያየው ግን እሱ ነው። ዕፀገነት «አንተ ትችለዋለህ» ብላ ትታለታለች። በመጀመሪያው ወር ስድሳ ዶላር በላ። በሁለተኛው ሰማንያ። ዋጋው ሳይደርስ ቀኑ ባለፈ ቁጥር አክሲዮኑ እጁ ላይ ይቀራል፤ እሱም ገንዘቡን የጠረጴዛው ጥግ ላይ ያስቀምጥና «የኦቨርታይም ነው» ይላል። ውኃ አሳስቆ አሳስቆ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አክሲዮኑ ስድሳ ሦስት ሳለ፣ እስከ ዛሬ ዓርብ ሰባ ዶላር ከገባ በሰባ ሊሸጥ ተስማምቶ ዘጠና ዶላር ቀብድ በላ። ሰባን ዓይቶት አያውቅም፤ የሚደርስም አልመሰለው። ዜናው ለሰኞ ቢቆይ ኖሮ ነጻ ሰው ነበር።

በጠዋት ግሬፕቫይን ከተማ ያለው ሆቴል ደርሶ ቫኑን ሲያስነሳ ግን እንዲያ ተስፋ የቆረጠ ሰው አልነበረም። በልቡ ሂሳቡን ሠርቷል፤ የዘጠና እጥፍ መቶ ሰማንያ። መቶ ሰማንያ ዶላር ያማል፣ አይገድልም። ሁለት ጊዜ ከኤርፖርት ሰው አመላልሶ፣ ሻንጣ አውርዶ ጭኖ፣ ገበያው ከተከፈተ በኋላ ቫኑን ተርሚናሉ አጠገብ ካለው የመጠበቂያ ቦታ ፓርክ አደረገና አክሲዮኑን ወደሚያስተዳድረው ድርጅት ስልክ ደወለ። የመጠበቂያው ሙዚቃ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ድምጿ ማር የሆነ ሴት አነሳች። መኳንንት በእንግሊዝኛው ተጠንቅቆ አስረዳት። ዘጠና ዶላር እንደተቀበለ፣ አሁን ሐሳቡን እንደለወጠ፣ እጥፉን፣ መቶ ሰማንያውን፣ ዛሬውኑ ሊመልስ ዝግጁ እንደሆነ ነገራት።

«ለማን ነው የሚመልሱት፣ ሰር?» አለችው።

«ለገዢው ነዋ።»

«ገዢውን እኛም አናውቀውም፣ ሰር። ነገር ግን ኮንትራቱን ከገበያው መልሰው መግዛት ይችላሉ። አሁን ዋጋው ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ነው።»

የተሳሳተ ቁጥር ያነበበች መስሎት ደግማ እንድታየው ለመናት። ደግማ አየችው። ሃያ ዶላር ጨምሯል። «እኔ የተቀበልኩት እኮ ዘጠና ነው» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነበት። «አውቃለሁ፣ ሰር» አለች፤ የምሯን ያዘነች ትመስላለች። ቀኑን ወደፊት መግፋት እንደሚቻል፣ ነገር ግን ያኔም አክሲዮኑን መስጠት ያለበት በዚያው በሰባው እንደሆነ፣ እስከዚያም ሊሸጠው እንደማይችል ነገረችው። ዛሬ ምንም ካላደረገ ደግሞ አክሲዮኖቹ በሰባ ሂሳብ ተሸጠው ሰባት ሺህ ዶላር ይገባለታል። ሌላ የምትረዳው ነገር እንዳለ ጠየቀችው። የለም አለ። አመስግኖም ዘጋ።

ሰባት ሺህ። ትምህርት ቤቱ ሙሉውን ካልተከፈለ በር አይከፍትም። ዕፀገነት ብድር የሚባል ነገር አትሰማም፤ የእኅቷን መጨረሻ አይታለች። ዕቁቡን በሚያዝያ ወስደው የመኪናውን ትራንስሚሽን አሠርተውበታል። ክሬዲት ካርዶቹ ጠርዛቸው ድረስ ሞልተዋል። መኳንንት ቫኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቃቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አሰበ። የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሱ ናቸው። ስልኩ ጮኸ፤ ዕፀገነት ነበረች። «ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ሸጥከው?» ብላ ጽፋለች። «እየሠራሁበት ነው» ብሎ መለሰ። ወዲያው የልብ ሥዕል የሞላበት መልስ መጣ።

እኩለ ቀን ላይ ጥዑመልሳንን ከሆቴሉ ጀርባ ሳንድዊቹን እየበላ አገኘው። ዜናውን ሰምቶ ኖሯል፤ ከሩቅ እጁን ዘረጋለት። «መኬ! የሚስትህ አክሲዮን ተተኮሰ አይደል? ምሳ ባንተ ነው!» መኳንንት ቀስ ብሎ ነገረው። ጥዑመልሳን ማኘኩን አቆመ። «ቆይ፣ የሰባውን ኮል ሳትዘጋው ነው ያደርከው?»

«እጥፍ እመልሳለሁ ብዬ ነበራ።»

«የምን እጥፍ?»

«ቀብድ ነው አላልከኝም?»

ጥዑመልሳን ሳቁ መጣበት፤ የጓደኛውን ፊት ሲያይ ዋጠው። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቀብድ በለው ያልኩህ... ማለቴ፣ እንዲገባህ ብዬ ነው እንጂ፣ አሜሪካኖቹ ቀብድ ያውቃሉ ብዬ ነው?» ከዚያም ለማጽናናት ሞከረ። ስድሳ ሦስት የነበረውን በሰባ መሸጥ ትርፍ ነው፣ ማንም በትርፍ ከስሮ አያውቅም አለ። መኳንንት ይህን ለዕፀገነት ሲነግራት ታየው። ሦስት ሺህ ተኩል እንዲያበድረው ሲጠይቀው ጥዑመልሳን ወደ መሬት አየ። የማኪኒው ቤት አንገቱ ድረስ እንደዋጠው፣ ሚስቱ ባታግዘው ኖሮ ድሮ እንደተወሰደበት፣ የሱም ከቨርድ ኮል ባለፈው ክረምት ጉድ እንደሠራው ያን ጊዜ ነው የተናገረው። ቦርሳውን አውጥቶ ሁለት መቶ ዶላር ሰጠው። መኳንንት ብሩን መለሰለት። ተቆጥቶ አልነበረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት በልጅነቱ ሲስቅባት ኖሯል፤ አሁን አዘነላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መንገድ ነበር። ከሆቴል ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሆቴል። ለሻንጣ ወረደ፣ ወጣ፣ «ዌልካም ቱ ዳላስ» አለ። በየቀይ መብራቱ ስልኩን ያያል። መቶ አራት። መቶ አራት ከሃያ። ሰው ሁሉ የገዛ ንብረቱ እንዲወደድ ሲጸልይ እሱ እንዲረክስ ሊጸልይ ቃጣው። ለኪዳነ ምሕረት ሊሳል አፉን ከፈተና ምን ብሎ እንደሚጀምር ጠፋው። የሚስቴን ሀብት አርክሺልኝ ይበላት? ነገሩ ውሸት ነበር የሚል ዜና ይውጣ፣ ፋብሪካውን ሊገዛ የመጣው ካምፓኒ ይጸጸት፣ አንድ ባለሥልጣን አይሆንም ይበል፤ ይህንን ተመኘ። መልሶም ራሱን ጠላ። ዋጋው ቢወድቅ እኮ የሚወድቀው የሷ ትምህርት ቤት ነው። እሱ ይድናል፣ እሷ መጋዘኗ ውስጥ ትቀራለች፤ የሚጸልየው ይህንኑ ኖሯል። ከኋላ የተቀመጠች አሮጊት ቫኑን ቀስ አድርጎ እንዲነዳ ለመነችው። ይቅርታ ጠየቃት። ገበያው ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋ። መቶ አራት ከዐሥር ነበር።

እቤት ሲደርስ ዕፀገነትን ከሕንጻው ሥር ቆማ አገኛት። ለፋሲካ ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። የተኛች አትመስልም፤ ዓይኗ ግን ያበራል። መኪናው ውስጥ እንደገባች ስለ ትምህርቱ መናገር ጀመረች። መርፌ መውጋት እንደምትፈራ፣ ግን እንደምትለምደው፣ ፀደንያ የድሮ መጽሐፏን እንደምትሰጣት፣ ዜማ እናቷን እንግሊዝኛ ልታስጠናት ቃል እንደገባች። መኳንንት መሪውን ይዞ ይሰማል። በየመንታው መንገድ «አሁን እነግራታለሁ» ይላል፤ መንታው ያልፋል። እንዲህ እያለ ትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ደረሱ። ሞተሩን አጠፋ። እሷ በሩን ስትከፍት እጇን ያዘ።

ነገራት። ያለ ምንም ማሳመሪያ፣ ከመጀመሪያው ስድሳ ዶላር ጀምሮ፣ ስልኩን እስካነሳችው ሴት ድረስ ነገራት። ዕፀገነት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከፊታቸው ነጭ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሴቶች እየሳቁ ወደ ሕንጻው ገቡ።

«ሰውየው ማን ነው?» አለች በመጨረሻ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«የገዛው። እዚሁ ዳላስ ከሆነ ሽማግሌ እንላክበት። ቀብዱን ከነእጥፉ ይውሰድ። የሰው ልጅ አይደለም እንዴ? ሴት ልጅ ትማርበታለች ሲባል እንዴት እምቢ ይላል?»

«ስም የለውም፣ ገኒ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

እሷም እንደሱው ነበር ያሰበችው። መኳንንት ቀኑን ሙሉ ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣበት፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ዕፀገነት ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች ቀጠለች። ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ኦቨርታይሙስ?»

«ኦቨርታይም አልነበረም። ሰዓቴን ቀንሰውብኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምናው ገና ጀምሮ።»

«ታዲያ እነዚያን ቅዳሜዎች ሥራ ብለህ ስትወጣ የት ነበር የምትውለው?»

«ኤርፖርቱ ጋ፣ የመኪና መጠበቂያው ውስጥ። እዚያ ፓርክ አድርጌ እቀመጣለሁ።»

ዕፀገነት ይህን ስትሰማ ነው ፊቷ የተለወጠው። በሦስቱ ሺህ ተኩል ያልተለወጠ ፊት በዚህ ተለወጠ። ቀሚሷን አስተካክላ፣ በሩን ከፍታ ወረደች። መኳንንት ወደ ቤት እንድትመለስ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ወደ ሕንጻው ሄደች። ከኋላዋ ሮጦ ደረሰባት።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ጸሐፊ መነጽሯ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ደግ ፊት ያላት ወፍራም ሴት ናት። ዕፀገነትን ስታይ በስሟ ጠራቻት፤ አጠራሩን ተለማምዳዋለች። ወረቀቱን አዘጋጅታ እስክሪብቶ ከላዩ አስቀምጣለች። ዕፀገነት ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣ በዝግታ፣ ቃሉን እየመረጠች፣ በዚህ ዙር መግባት እንደማትችል ተናግራ፣ ስሟን ለመጪው ዓመት እንዲያዛውሩላት ለመነች። ሴትየዋ ደነገጠች። ይህን ቦታ ስንት ሰው እንደሚፈልገው፣ የመግቢያ ፈተናውን ያን ያህል ነጥብ ያመጣ ጥቂት እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያም መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። ለማዛወር ምክንያት መጻፍ አለብኝ፣ ምን ልበል አለቻት።

መኳንንት በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አሁን ትናገረዋለች ብሎ አሰበ። ትናገር። ባሌ የሰጠሁትን አደራ ሳላውቅ ሸጠብኝ ትበል፤ ይህች ሴት ትስማ፣ በኮሪደሩ የሚያልፉት ይስሙ። ይገባኛል አለ በልቡ፤ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«ማይ ሀዝበንድ ኢዝ ሲክ» አለች ዕፀገነት።

ሴትየዋ በመነጽሯ ላይ አሻግራ መኳንንትን አየችው። ያየችውም ነገር ያሳመናት ይመስላል፤ ፊቷ በሐዘኔታ ሞላ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሰውየው እንዳይሰማ የምትጠነቀቅ ይመስል፣ ምኑን እንደሚያመው ዕፀገነትን ጠየቀቻት። ዕፀገነት መኪናው ውስጥ እጇን ከያዘበት ጊዜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ ባሏን አየችው።

«ገና አልታወቀም» አለች።

ሴትየዋ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ወንበር አመጣችለት። መኳንንት ተቀመጠ።